ሶፋ የሚከፍለው ደመወዝ

ጥቅምት 3

ለውድ ልጄ፣

እንደምን አለሽልኝ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። "በጣም" ያልኩት ባለፈው "ደህና ነኝ" ብዬ ብጽፍልሽ "በጣም ሳይሉ ለምን ቀሩ?" ብለሽ አገር ይያዝልኝ ስላልሽ ነው።

ስልክ የማላነሳው ተቀይሜሽ አይደለም። ስልኬ ኮላ ባልዲ ውስጥ ገብቶ ነው። በጉጠት አወጣሁትና እንዲደርቅ ጠረጴዛው ላይ ባስቀምጠው እዚያው ደርቆ ቀረ። ይጠራል፤ ግን ከጠረጴዛው አልላቀቅ አለኝ። ስለዚህ ለጊዜው በደብዳቤ ነን። አውቶቡስ ሾፌሩ ወዳጃችን በየሳምንቱ ወዳንቺ ስለሚመላለስ እሱ ያደርስልሻል። ስለ እኔ የሚያወራውን ግን አትስሚው፤ መንገድ ሲረዝምበት ወሬ የሚፈጥር ሰው ነው።

ሶፋ ማደስ ስለማስተምራት ተማሪዬ ጠይቀሽኛል። ዱቄት ፋብሪካው ሲዘጋ ከተበተኑት ጆንያ ሰፊዎች አንዷ ናት። ሁለት ልጆቿን ይዛ ደጄ ቆመችና "ጋሼ፣ ወፍራም መርፌ እችላለሁ" አለችኝ። አርባ ዓመት ቢሆናትም ተማሪ ያው ተማሪ ነው፤ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ከሚስማር ነቀላ አስጀመርኳት። ዓመት ሊሞላት ነው። ከእኔ ቀድማ ትገባለች፣ ከእኔ በኋላ ትወጣለች፣ አንድ ቀን "ነገ አረፍዳለሁ" ስትል ሰምቻት አላውቅም። ደግሞ የወንበሩን ሥር እንደ ላዩ አድርጋ ነው የምትሰፋው። ማንም የማያየውን ቦታ! አንቺን ሳስተምርሽ ስንቴ እንደተጣላን ታስታውሻለሽ።

በደንባችን ነው የያዝኳት። አሮጌ ሶፋ ሲከፈት ሆዱ ውስጥ የተገኘው የተማሪ ነው። ጌጥና ቁልፍ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ሌላው ግን ሁሉ የሷ። ባለፈው ከጠበቃው ሶፋ ውስጥ ሦስት እርሳስና ግማሽ ማበጠሪያ አግኝታለች።

እኔስ ያደግኩት በዚሁ ደንብ አይደል? ግራኙ አለቃዬ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከእጁ ሳንቲም የማይወጣ ሰው ነበር። ሦስት ዓመት ማበጠሪያ ሰበሰብኩ። ከዚያ የነጋዴውን ትልቅ ወንበር ገልብጬ ሥሩን ስፈታ፣ የተጠቀለለ ገንዘብ! ወስደን ነጋዴውን ብንጠይቀው "የኔ አይደለም" አለ። ነጋዴ "ገንዘብ የኔ አይደለም" ሲል በሕይወቴ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። መቀሴን የገዛሁበት፣ የዚህን ሱቅ የመጀመሪያ ኪራይ የከፈልኩበት እሱ ነው። ሰው ያደረገኝ ዕድሌ እንጂ ግራኙ አይደለም።

ሥራው ሞቅ ብሏል። ከሠርግ አዳራሹ ትልቅ ትዕዛዝ መጥቷል፤ ወንበሮቹ በሙሉ ጨርቃቸው ይቀየራል።

አንቺ ግን ሁለት ደብዳቤ ሙሉ ስለ ሆቴሉ መጋረጃ ቀለም ስትነግሪኝ ስለ ደመወዝሽ አንድ ቃል አልተነፈስሽም። መጋረጃው ቡናማ መሆኑን ተረድቻለሁ።

አባትሽ

ጥቅምት 11

ለተወደዱት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ የሌላ ሰው መስሎኝ ለሾፌሩ ልመልስለት ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች የእርስዎን ጽሕፈት "ዶሮ የጫረው" ትለው እንደነበር አልረሳሁም። አሁን ፊደሎቹ ተሰልፈው ቆመዋል። በዚህ ዕድሜዎ የጽሕፈት ትምህርት ቤት ገቡ እንዴ?

መጋረጃው ላይ የሙጥኝ ያልኩት አፍሬ ነው፤ ይቅር ይበሉኝ። እውነቱን ልንገርዎ። እዚህ ሆቴል በሙከራ ላይ ያለ ክፍል አጽጂ ደመወዝ የለውም። እንግዳው ሲወጣ ትራስ ሥር የሚተወው ጉርሻ ነው ክፍያችን። ሙከራው መቼ እንደሚያልቅ ሥራ አስኪያጁን ብጠይቀው "ጎበዝ ስትሆኚ" አለኝ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ "ጎበዝ ነሽ" ሲለኝ ጊዜ፣ "እንግዲያውስ ደመወዜ?" አልኩት። "ይኸውልሽ፣ ሙከራው እየጠቀመሽ ስለሆነ እንዳናቋርጠው" ብሎኝ አረፈው።

እንግዶቹ ለጋስ ቢሆኑ እኮ አልናገርም ነበር። ሰሞኑን ሆቴሉን የሞሉት የቁጠባ ማኅበሮች ጉባኤ ተሳታፊዎች ናቸው። ትራስ ሥር ምንም የለም። ሳሙናውን፣ የጥርስ መፋቂያውን፣ የመጸዳጃ ወረቀቱን ይዘው ሄዱ። አንደኛው ትራሱን ራሱን ይዞት ስለሄደ ሥሩን ለማየት እንኳ አልታደልኩም።

አብራኝ የምትኖረው ጓደኛዬ እዚሁ ነው የምትሠራው። "ለማይከፍል ሰው አልጋ ሥር አይጠረግም" ትለኛለች። እሷ የምታጸዳው ከበሩ እስከ አልጋው ያለውን ነው። እኔ ግን ልተወው ስል እጄ እምቢ ይለኛል። የእርስዎ ጥፋት ነው፤ ሥሩን እንደ ላዩ እያሉ አሳድገውኝ። የክፍሎቹ ኃላፊ ነጭ ጓንት አጥልቃ አልጋ ሥር እየገባች የምትዳብስ ሴት ናት፤ እኛ "ወይዘሮ ጓንት" እንላታለን። ከኔ ክፍሎች ስትወጣ ጓንቷ እንደነጣ ነው። ጓንቷን አንዴ፣ እኔን አንዴ አይታ ትሄዳለች።

እስቲ ይፍረዱኝ። አልጋ ሥር ልጥረግ ወይስ ልተወው? እስከ ኅዳር መጨረሻ ምንም ካላገኘሁ ሻንጣዬን ይዤ እመጣለሁ።

ልጅዎ

ጥቅምት 17

ልጄ፣

ደሜ ፈልቷል። ሰላምታውን ከታች ታገኚዋለሽ።

ትራስ ሥር! ደመወዝ ከትራስ ሥር የሚለቀም ነገር ነው? የሠራሽው ለሆቴሉ፣ ክፍያሽን የምትጠብቂው ከእንግዳ! እንግዳው ቢያስታውስ በላሽ፣ ቢረሳ ጾምሽን አደርሽ! ይሄ ሎተሪ ነው እንጂ ደመወዝ አይደለም። ሰው ሠርቶ ሎተሪ ይወጣለታል እንዴ? እፍረት የሌለው ሰው ነው ይሄ ሥራ አስኪያጅ።

(ጋሼ እዚህ ጋ ጠረጴዛውን በቡጢ ስለመቱት ነው ቀለሙ የፈሰሰው። ይቅርታ።)

አልጋ ሥር ጥረጊ። ጓደኛሽን አትስሚያት። በእሱ ክፋት የገዛ እጅሽን ማበላሸት የለብሽም፤ ከዚያ ሆቴል ወጥተሽ ሌላ ቦታ ስትሄጂ እጅሽን ይዘሽው ነው የምትሄጂው። ጠርገሽ ስትጨርሺ ግን መጥረጊያውን እንደያዝሽ ቢሮው ግቢና እንዲህ በይው። "ጌታዬ፣ እርስዎም ደመወዝዎን ትራስ ሥር የሚፈልጉ ከሆነ ይምጡና አብረን እንፈልግ። ካልሆነ ግን ወር ሲደርስ በእጄ ይስጡኝ።" ሊያባብልሽ "ገና እየተማርሽ ነው" ይልሻል። አውቃቸዋለሁ። ያን ጊዜ "ያጸዳሁት ክፍል ተከራይቷል ወይስ አልተከራየም?" በይው። የሠራሽው ተሽጦ ገንዘብ ከሆነ ተማሪ አይደለሽም፣ ሠራተኛ ነሽ። አለቀ!

(ይህንን ጋሼ ሁለቴ አስጻፉኝ፤ አንዱን ሰርዣለሁ። ለራሴ ግን ሁለቱንም ጊዜ በደንብ ሰምቼዋለሁ።)

ፈርተሽ ዝም ካልሽ ዕድሜ ልክሽን ሙከራ ላይ ነሽ።

ጽሕፈቴ ስላማረ የገረመሽ ብዕር ቀይሬ ነው። እዚህ ሁሉ ሰላም ነው። የአዳራሹ ወንበሮች ደርሰው ግቢውን ሞልተውታል፤ ወደ ቤት የምገባው በጎኔ ነው። ተማሪዋ ግማሾቹን ገፍፋለች። ደረቅ ወንበሮች ናቸው። ስፖንጅ ላይ ጨርቅ ተወጥሮ ጣውላ ላይ ተቸነከረ፣ በቃ። መርፌ የሚያስገባ ቀዳዳ የላቸውም፣ ምን ሆድ አላቸው? ሥራው ግን ጥሩ ገንዘብ አለው።

(ጥሩ ገንዘብ አለው። ይህንንም ጽፌያለሁ።)

ሰላምታዬ ይድረስሽ።

አባትሽ

ጥቅምት 26

ለተወደዱት አባቴ፣

እንደምን ነዎት? እጅዎስ?

አዎ፣ ሾፌሩ አወራ። አትስሚው ያሉኝን ሰው ሻይ ጋብዤ ሁለት ሰዓት ሰማሁት። የሶፋ ሞላ ተስፈንጥሮ ቀኝ እጅዎን ሰብሮታል። ከክርን እስከ ጣት በጀሶ ነዎት፤ መዶሻ ከያዙ ቆይተዋል። እኔ ደግሞ እዚህ ሆኜ "አባቴ ብዕር ቀየረ" ብዬ ለሰው አወራለሁ! በጣም ነው ያዘንኩብዎት። እንዳላስብ ብለው እንደሆነ፣ ይኸው አሁን በአንድ ጊዜ የሁሉንም ቀን እያሰብኩ ነው።

የሚቀጥለው መስመር ለእርስዎ አይደለም፣ ዘልለውት ይለፉ። እትዬ፣ ፈጽሞ ባንተዋወቅም እጅዎን በደንብ አውቀዋለሁ። አባቴን ስለሚረዱልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቅንፎቹን ወድጃቸዋለሁ።

ወደ እርስዎ ልመለስ። እንዳሉኝ መጥረጊያዬን ይዤ ገባሁ። የትራሱን ነገር አልኩት፤ ሳቀ። ክፍሉ ተከራይቷል ወይስ አልተከራየም ስለው ሳቁን አቆመ። "ምላስሽ ረዝሟል" አለና ወደ ልብስ ማጠቢያው ክፍል አዛወረኝ። እዚያ እንግዳም የለም፣ ትራስም የለም፣ ያለው እንፋሎት ብቻ ነው። ትናንት ግን ጓደኛዬ ከፎቅ ወርዳ መጣችና "ለእሱ ያልሽውን ቃል በቃል ንገሪኝ" አለችኝ። ነገርኳት። አልጋ ሥር ያልጠረገችበትን ክፍል ሁሉ ተመልሳ እየጠረገች ነው። ምን እንዳሰበች አልነገረችኝም።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፣ አይቆጡኝ። እርስዎ እጅዎ በጀሶ ከሆነ "ሥራው ሞቅ ብሏል" የሚሉኝ የማን ሥራ ነው? የአዳራሹ ወንበሮችስ ሆድ ከሌላቸው፣ ተማሪዋ ከምን ልትበላ ነው?

ልጅዎ

ኅዳር 2

ልጄ፣

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ዶሮዋ ተመልሳለች፤ ታገሺኝ።

ተማሪዋ የለችም።

ደብዳቤሽን ጮክ ብዬ አነበብኩላት፣ መልሱን ወዲያው እንድትጽፍልኝ ብዬ። የመጨረሻው ጥያቄሽ ላይ ስደርስ ሳል ያዘኝና ዘለልኩት። ለካ በትከሻዬ በኩል አብራኝ ታነባለች። ብዕሩን አስቀመጠች። "ጋሼ፣ እኔ የሠራሁት ተሽጧል ወይስ አልተሸጠም?" አለችኝ። ነገሯ የሆነ ቦታ የሰማሁት መሰለኝ። የት እንደሆነ ትዝ ሲለኝ አንገቴን ደፋሁ።

ደንቡን አስረዳኋት። ክፍያሽ ከሶፋው ነው አልኳት። "እንግዲያው ሶፋው ይዘዘኝ" አለችና መርፌዋን ይዛ ወጣች። ከመውጣቷ በፊት ጉጠቱን ዘይት ቀብታ፣ ሚስማሩን በየመጠኑ ለይታ፣ ወለሉን ጠርጋ ነው። እንዳዝረከረከችው ጥላው ብትሄድ እቆጣ ነበር። መቆጫ እንኳ አሳጣችኝ።

በየቀኑ በደጄ ታልፋለች። "ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?" ትለኛለች። "ይመስገን" እላለሁ። እጄን ታየዋለች፤ የወንበሩን ክምር ታየዋለች፤ ትሄዳለች። የአዳራሹ ባለቤት በየማለዳው እየመጣ ላቡን ይጠርጋል። የሠርጉ ቀን ተቆርጧል፣ ሙሽሮቹ ወንበር ይፈልጋሉ። እኔ አንድ ሚስማር ለመንቀል ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል። ይህ ትዕዛዝ ካመለጠኝ ሱቁን እዘጋለሁ። እንዳትደነግጪ ልደብቅሽ ነበር፤ መደበቅ እንደማልችልበት ግን አይተሽዋል።

ክፈላት እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ግን አንድ ነገር መልሺልኝ። እኔ ሳይከፈለኝ ሰው ሆኜ የለም ወይ? ዛሬ ተነስቼ ደንቡ ስሕተት ነው ካልኩ፣ የኔ እነዚያ ዓመታት ምን ሊባሉ ነው?

ደክሞኛል።

አባትሽ

ኅዳር 7

ለምወድዎት አባቴ፣

ደብዳቤዎን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። እንፋሎቱ ነው ብዬ ዓይኔን ጠራረግኩ፤ እንፋሎቱ አልነበረም።

እነዚያ ዓመታት ምን ሊባሉ ነው ላሉኝ፣ ከባድ ዓመታት ይባላሉ። ሌላ ሰው ላይ ስለደገሟቸው አይቀልሉልዎትም። እርስዎ በዚያ ዕድሜዎ ጎረምሳ ነበሩ፤ እናትዎ ቤት ይበሉ ነበር። እሷ ግን ማታ ቤቷ ስትገባ የሚጠብቋት ሁለት ልጆች አሉ። ለነሱ እርሳስና ግማሽ ማበጠሪያ ታቀርብላቸው? አባባ፣ ስለኔ ሲሆን እንዴት ያለ ጥሩ ዳኛ ነዎት! አሁን የጻፉልኝን በሥራ አስኪያጁ ስም መልሼ ብልክልዎ ሰውየውን ሊደበድቡ ይነሱ ነበር።

እንደማይቆጡ ስለማውቅ አይደለም እንዲህ የምጽፈው፤ ይቆጣሉ። ግን ሲቆጡ ቆይተው ሱቁን ከሚያጡት አሁኑኑ ተቆጥተው ይጨርሱ።

የኔን ወሬ ለጊዜው ይተውት። ጥሩም መጥፎም አይደለም፤ ወይም ገና አልለየለትም። መጀመሪያ የእርስዎ ይለይ። ሄደው ያነጋግሯት፣ ይስማሙ፣ ከዚያ የሚሰጧትን በእጅዎ ይስጧት። ግራ እጅዎ ደህና ነው አይደል?

ልጅዎ

ኅዳር 14

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጽሕፈቱን አይተሽ እንደገመትሽው ተማሪዋ ተመልሳለች። ደስ ይበልሽ። ቁጣዬን እንዳልሽው ቶሎ ጨረስኩት፤ አንድ ማታ ብቻ ነው የፈጀብኝ።

ነገሩ በሰላም አልቋል፤ ያውም ደንቡ ሳይነካ! የሚገርም ነገር ሆነ መሰለሽ። ሆድ የላቸውም ያልኳቸው የአዳራሹ ወንበሮች ለካ ገንዘብ ሞልቷቸዋል። ከየት እንደመጣ ፈጣሪ ይወቅ። ሠርገኛ አይደል፣ ሲጨፍር የጣለው ይሆናል። ያው የተገኘው ሁሉ የተማሪ ነውና ወሰደች። እሷም ደስ አላት፣ እኔም አላፈርኩም፣ ወንበሮቹም እየተሠሩ ነው። ዕድል ሲመጣ እንዲህ ነው፣ ልጄ። ለእኔም የመጣው እንዲሁ ነበር።

ስለ እጄ አታስቢ፣ ጀሶው በቅርቡ ይፈታል።

አባትሽ

(እህቴ፣ ጋሼ ወደ ሻይ ቤት ወጥተዋል። ደብዳቤውን አጥፈሽ ለሾፌሩ ስጪ ብለውኛል። ከማጠፌ በፊት እውነቱን ልንገርሽ።

ማክሰኞ ዕለት ጋሼ ደጃችን መጡና አጥሩን ተደግፈው "የአዳራሹም ወንበሮች ሆድ አላቸው ለካ፣ ነይና እይ" አሉኝ። ገርሞኝ ሄድኩ። ካልተገፈፉት አንዱን ገለበጥኩ። ክሩን ገና ሳልቆርጠው ጋሼ ከኋላዬ "ውይ ውይ! ይሄን ያህል ገንዘብ!" አሉ። ዞሬ አየኋቸው። "ማለቴ፣ ካለ" አሉ።

እነዚህ ወንበሮች ሥራቸው ላይ ስፌት የላቸውም፣ ሚስማር ብቻ ነው። ጋሼ ግን ጨርቁን ቀደው፣ የብር ኖት አስገብተው፣ በግራ እጃቸው መልሰው ሰፍተውታል። ስፌቱ እንዳለ ወደ ግራ ተጋድሟል። ኖቱ ከባንክ የወጣ አዲስ ነው፣ ያውም ኮላ ኮላ ይሸታል። ስንት ማታ እንደለፉበት እንጃ።

አንዷን ኖት ግን የደበቁበት ወንበር ጠፋባቸው። ሊጠይቁኝ አፈሩ። "የስፌቱን ጥራት ልይ፣ እስኪ ይሄን ፍቺው፣ ያንንም" እያሉ ጨርሼ ያለበስኩትን ሳይቀር አስፈቱኝ። ሠርጉ ደርሶብን እኛ የሠራነውን እያፈረስን ነው።

ገንዘቡ አላነሰኝም። ግን በየወሩ መጨረሻ ወንበር ሥር ተጋድሜ በእጄ ስዳብስ ልኖር ነው? ልጆቼ "ስንት ይከፈልሻል?" ሲሉኝ "ጋሼ የት እንደደበቁት ልፈልግና" ልበላቸው? ሊሰጡ ፈልገው ሲሰጡ መታየት የሚያፍሩ ሰው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። ያን ቀን ጥያቸው ልወጣ አስቤ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ አልሆነልኝም። ወንበሮቹን ለሠርጉ አደርስላቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ግን በእጄ ካልሰጡኝ አልመለስም። አንቺ ልጃቸው ነሽ፤ ብልሃቱን ታውቂ ይሆናል።)

ኅዳር 23

ለተወደዱት አባቴ፣

እንደምን አሉ? ጸሐፊዎ ምንም አልነገረችኝም። ይህን የምጽፈው ምናልባት ነገረቻት ብለው እንዳይጠረጥሩ ነው።

ወሬዬን አቆይቼብዎት ነበር፤ አሁን ለይቶለታል። ጓደኛዬ ሙከራ ላይ ያለነውን ሁሉ ሰብስባ፣ ሁላችንም መጥረጊያ መጥረጊያችንን ይዘን ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባን። ቢሮው ጠባብ ስለሆነ ሦስታችን መጋረጃው ውስጥ ነበርን። የእርስዎን ቃል ተራ በተራ አልን። ሰውየው "ከእናንተ ውስጥ ሥራ የሚችል ማን አለ?" ብሎ ሊበትነን ሲል ወይዘሮ ጓንት በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ገባችና ጓንቷን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ከላይ እስከ ታች ሁሉንም አልጋ ሥር ዳብሳ ነበር የመጣችው። እንደ ወተት ነጭ ነው። "ይሄ ጓንት ሙከራ ላይ ነው?" አለችው። ሰውየው ጓንቱን ገለበጠ፣ ደግሞ ገለበጠ፣ የደመወዝ መዝገቡን አወጣ።

የደመወዝ ቀን ሲደርስ ተሰልፈን ተቀበልን። እጄ ላይ ሲያስቀምጥልኝ "አመሰግ..." ልል አፌን ስከፍት ወይዘሮ ጓንት ከኋላዬ ቆነጠጠችኝ። "ምጽዋት አይደለም፣ ቁጠሪው" አለችኝ። ፊቱ ቆጠርኩት። ልክ ነበር። አባባ፣ ልክ ሲሆን እንዴት ደስ እንደሚል! ማመስገን እንኳ ሳያስፈልግ ደስ አለኝ። ሻንጣዬን ከበሩ ጀርባ አንስቼ አልጋ ሥር መለስኩት፤ ሥሩን ከጠረግኩ በኋላ።

ከመጀመሪያ ደመወዜ አዲስ ስልክ ልኬልዎታለሁ። እባክዎ ከባልዲው ያርቁት። ደብዳቤው ግን አይቅርብን።

አንድ ጥያቄ ደግሞ አለኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲከነክነኝ የኖረ ነው። ያ ነጋዴ "የኔ አይደለም" ያለው ለምንድን ነው?

ልጅዎ

ታኅሣሥ 6

ለውድ ልጄ፣

ጀሶው ተፈታ። ይህን የምጽፈው በገዛ ቀኝ እጄ ነው፤ ካላነበብሽው ጥፋቱ የኔ ነው።

ጥያቄሽ የደረሰኝ የጠፋችውን ኖት ስፈልግ ነው። አዎ፣ ሁሉንም እንደምታውቂ አውቃለሁ። ሾፌሩ ደብዳቤውን "ዛሬ ወፈር ብሏል" ሲለኝ ጠርጥሬ ነበር። ብቻ አንድ ወንበር ገልብጬ፣ በግራ እጄ የሰፋሁትን እያየሁ ነበር። ተጋድሞ፣ ነፋስ እንደገፋው ሣር ሁሉም ወደ ግራ። ይህን ስፌት የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ አልኩ። ያን ጊዜ ያንቺ ጥያቄ መጣብኝ።

የነጋዴው ወንበር ሥሩ እንዲህ ነበር የተሰፋው። ወደ ግራ የተጋደመ። ስፈታው በዓይኔ አይቻለሁ፤ ምን የሚሉት ስፌት ነው ብዬ ስቄበታለሁ። በዚያ ሰፈር በግራ እጁ የሚሰፋ አንድ ሰው ብቻ ነበር።

ነጋዴው "የኔ አይደለም" ያለው የሱ ስላልነበረ ነው፣ ልጄ።

ሽማግሌው ብቻውን ወንበሩ ሥር ተንበርክኮ፣ እኔ እንዳደረግኩት እያለከለከ ሲሰፋ ታየኝ። ይኼን ሁሉ ዘመን ዕድሌን ሳመሰግን ኖርኩ። በቀብሩ ቀን አጠገቤ ለቆመው ሰው "ሳንቲም ሰጥቶኝ አያውቅም" ብዬዋለሁ። ወንበሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ተናደድኩበት። በእጁ ቢሰጠኝ ምን ነበረበት? ሦስት ዓመት ከንቱ ነኝ እያልኩ ነው የሠራሁት። የሚያየኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። ለካ ያየኛል! በየወሩ ትንሽ ትንሽ እያደረገ በእጄ ቢያስይዘኝ ኖሮ እንደሚያየኝ አውቅ ነበር።

በማግስቱ ተማሪዬን ቁጭ አድርጌ "ስንት ልክፈልሽ?" አልኳት። "ከውጭ ሰው ቢያሠሩ የሚከፍሉትን" አለችኝ። ተከራከርን። ድምፃችን ከፍ ብሎ ጎረቤት ሊገላግለን መጣ። በመጨረሻ ተስማማን። ላለፈው ዓመትም በየወሩ እየጨመርኩ እሰጣታለሁ። የወንበር ሆድ ሕግም ተሽሯል፤ ማበጠሪያ ያገኘ ለባለቤቱ ይመልስ።

ወንበሮቹ ለሠርጉ ደረሱ። ሥራቸው እንደ ላያቸው ነው፤ የአዳራሹ ባለቤት አንዱን ገልብጦ አይቶ ላቡን መጥረግ አቆመ። ያቺ ኖት ግን አልተገኘችም። ከሠርገኞቹ አንዱ ተቀምጦባታል። ለሠራተኛዬ ስነግራት "ከኔ ደመወዝ ላይ እንዳይቆጥሯት ብቻ" አለችኝ።

ትናንት የደመወዟ ቀን ደረሰ። ማታ ዕቃ ሰብስበን ስንጨርስ ገንዘቡን አውጥቼ በቀኝ እጄ ሰጠኋት። ፊቴ ቆማ ቆጠረችው። "ልክ ነው" አለች። አላመሰገነችኝም። ገንዘቡን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ነጠላዋን አጣፋች፣ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለችና "ጋሼ፣ ነገ ትንሽ አረፍዳለሁ" አለችኝ።

ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳት። "እሺ" አልኳት።

አባትሽ